«ባለቤቱ ማነው?» የሚሉት ጎረቤቴ

በየሰፈሩ ሌላው ቢጠፋ አንድ አስፈቃጅ አይጠፋም። ሰው ሁሉ ያገኘውን ምስል እያነሳ በሚለጥፍበት ዘመን «ባለቤቱ ማነው?» እያለ ሥራ የሚያስፈታ። ለእኛ ሕንፃ የደረሱን ጋሼ ሦስተኛ ፎቅ ይኖራሉ። ሙያቸው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ማዕረጋቸው ክቡር አስፈቃጅ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

ክቡርነታቸው ኢንተርኔት ላይ ገጽ አላቸው። ሰኞ ስለ ሸረሪት ድር ይጽፋሉ፤ ማክሰኞ ስለ አሮጌ ራዲዮ፤ ረቡዕ ስለ ሹራብ አሠራር። ምን እንደሚያገናኛቸው ብጠይቃቸው «እኔ ነኛ!» አሉኝ። ከሁሉ የሚወዱት ግን የሰው ፎቶ ወስደው፣ ስልካቸው ላይ በጣታቸው እየነካኩ ሌላ ሥዕል ማድረግ ነው። «በሰው ሥራ ላይ ስትሠራ ሥራው ያንተ ብቻ አይሆንም» ይላሉ።

አንድ ጊዜ ጎረቤታችን የለጠፈችውን የግቢ በር ሊስሉ አማራቸው። እሷን አስፈቀዱ፤ የበሩን ባለቤት አስፈቀዱ፤ አልበቃቸውም፣ በሩን የሠራውን በያጅ አፈላልገው አገኙት። «ኧረ ጋሼ፣ በር እኮ ነው!» ቢላቸው፣ «በሩ ላይ ያለውን የብረት አበባስ ከየት አመጣኸው?» አሉት። ስለዚያ አበባ ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበርና ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራቸው።

የእኔ ተራ የደረሰው የአባቴን የልብስ ስፌት መኪና ፎቶ የለጠፍኩ ዕለት ነው። ፎቶውን ያነሳችው እህቴ ናት፤ እኔ ከእሷ ገጽ ላይ ወስጄ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ በስሜ ለጠፍኩት። አባታችን ካረፈ በኋላ መኪናው ማን ቤት ይሁን በሚል ተኳርፈን፣ ከተነጋገርን ሁለት ዓመት አልፎን ነበር። መኪናው እሷ ጋ ነው፤ ኩርፊያው እኔ ጋ።

ክቡርነታቸው በሬን አንኳኩ። «ይቺን ልስላት አምሮኛል። ባለቤቱ ማነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

ፎቶውን በጣታቸው አጎሉት። በሚያብረቀርቀው የመኪናው ብረት ላይ ስልክ የያዘች ሴት ትታያለች።

«ቀሚስ ትለብሳለህ እንዴ?»

ክው አልኩ። «የእህቴ ነው። ዝም ብለው ይሳሉት፣ ምን ታውቃለች!»

«አስፈቅድልኛ።»

«ቁጥሯን ልስጥዎትና እርስዎ ይደውሉላት።»

«እኔ የማስፈቅደው ለሥዕሌ ነው። አንተ በስምህ ለለጠፍከው ማን ያስፈቅድልህ?»

ሦስት ቀን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሦስቱንም ቀን ደረጃው ላይ ባገኙኝ ቁጥር ከሰላምታ በፊት «ፈቀደች?» ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። ስልኩን ባታነሳውስ? በአራተኛው ቀን ደወልኩ።

አነሳችው። የደወልኩበትን ጉዳይ እየተንተባተብኩ ነገርኳት። «ሁለት ዓመት ዘግተኸኝ፣ ለጎረቤት ሥዕል ደወልክ?» አለች።

«አዎ» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ሳቀች። ሳቋ የአባቴ ሳቅ ነው፤ እንደናፈቀኝ እንኳ አላውቅም ነበር።

«ይሳሉት። አንተ ግን ና። ፔዳሉ ሲጢጥ ይላል፤ ዘይት የምታጠጣው አንተ ነበርክ።»

ሥዕሉ ባለፈው ሳምንት ወጣ። መኪናውን ሰማያዊ አድርገውታል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ፎቶ፦ እህት። ስፌት፦ አባት። ሥዕል፦ ጎረቤት። ደዋይ፦ ወንድም፣ ከሦስት ቀን ልመና በኋላ።»

የመጨረሻዋን ሲጽፉ እኔን አላስፈቀዱኝም። ፈቅጃለሁ።