ያለ ሪባን የመጣ ውሃ

ሞት ቀጠሮ ሳይዝ ክቡር ከንቲባችንን ከቢሯቸው ከወሰዳቸው ወዲህ፣ እኛ የመታሰቢያ ኮሚቴ አባላት እንቅልፍ የለንም፤ ስብሰባ ላይ ከምንተኛው በቀር ማለቴ ነው። የተጣለብን ታሪካዊ ኃላፊነት የሟቹን ሥራዎች መዝግቦ ለትውልድ ማስተላለፍ ነው። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዡ ነኝ።

በከተማችን ሥራ ማለት የመሠረት ድንጋይ የተጣለለት፣ ሪባን የተቆረጠለትና ፎቶ የተነሣለት ነው። በዚህ ጥብቅ መስፈርት ክቡርነታቸው ሃያ ሦስት ሥራ ሠርተዋል። ሃያ ሦስቱም ድንጋዮች ዛሬም ፀሐይ ይሞቃሉ። ሕንፃ ቢሠራባቸው ኖሮ ይሸፈኑ ነበር፤ አርቆ አሳቢነት ይሏል ይህ ነው። የስታዲየሙ ድንጋይ ላይ አንድ ጫማ ጠጋኝ ተቀምጦ ስለሚሠራ፣ በሥራ ዕድል ፈጠራም መዘገብነው።

ልንፈርም ስንል የጤና ጣቢያው አዋላጅ በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«የኔንም ውሃ ጻፉልኝ እንጂ! ውሃ ክፍሎች ‹ያልተመዘገበ መስመር ነው› ብለው ነገ ሊቆርጡት ነው። ወላዶቹን በምን ልጠባቸው?»

«የትኛው ውሃ?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ከንቲባው ያስገቡልኝ ነዋ! ሁለት ዓመት ደብዳቤ ጽፌ ሲሰለቸኝ፣ ቢሯቸው ገብቼ ጮህኩባቸው። ያኑ ዕለት ከሰዓት ቧንቧ ሠራተኛውን ይዘው መጡ። ኮታቸውን አውልቀው ራሳቸው ቆፈሩ።»

ክቡርነታቸው ቆፈሩ መባሉ ስም ማጥፋት መሰለን። ቧንቧ ሠራተኛው በአስቸኳይ ተጠራ።

«እውነቷን ነው ጌታዬ፣ እጃቸው ውሃ ቋጥሮ ነበር» አለ።

«ሪባኑን ማን ቆረጠ?»

«ኧረ ሪባን አልነበረም።»

«ፎቶስ?»

«ላንሣዎት ስላቸው ተቆጡኝ። ‹ለማንም እንዳትናገር! ለዚች ሠራሁ ከተባለ ነገ ሁሉም ለእኔም ሥራ ሊለኝ ነው› አሉኝ።»

የሊቀ መንበሩ ዓይን እንባ አቀረረ። «ሰማችሁ? ይህ ኑዛዜ ነው! ለማንም አትናገር ያሉትን እኛ ለትውልድ ብንናገር አጥንታቸው ይወቅሰናል።»

«ታዲያ ውሃዬስ?»

«እህቴ፣ የሟች ቃል በአንድ ቧንቧ አይለወጥም።»

አፈርኩ። ይሁንና ቃለ ጉባኤው ላይ እፍረት የሚጻፍበት ቦታ ስለሌለ ፈርሜ ወጣሁ። በማግስቱ መስመሩ ተቆረጠ።

ኮሚቴያችን ግን አንጀቱ ሩኅሩኅ ነው። የአዋላጇን እሮሮ በጥሞና መርምሮ፣ በሟቹ ስም ለጤና ጣቢያው የሚገነባ ታላቅ የውሃ ፕሮጀክት አጸደቀ። በሳምንቱ ሃያ አራተኛውን የመሠረት ድንጋይ ልንጥል ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። ሲሚንቶው መጣ፣ አሸዋው መጣ፣ ሪባኑ ተወጠረ። ግንበኛው ማቡኪያ ውሃ ፍለጋ ዙሪያውን ማየት ጀመረ።

«ምን ያስቆምሃል?» ብለው ሊቀ መንበሩ ገሠጹት። «ውሃውን ከዚሁ ከጤና ጣቢያው ቅዳ እንጂ!»

ግንበኛው ቧንቧውን ከፈተው። ቧንቧው ትንሽ አየር ተንፍሶ ዝም አለ።

ንግግሩ አንዴ ተጽፏልና ድንጋዩ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠ። ሊቀ መንበሩ «ጥማችንን የቆረጡልን መሪ!» ሲሉ ሕዝቡ ጭብጨባውን አቀለጠው። ያላጨበጨበችው አዋላጇ ብቻ ናት። ንቀት አይደለም፤ በሁለት እጇ ጄሪካን ተሸክማ ከወንዝ እየመጣች ነበር።