ከቻይና የተበደርኩት እንግሊዝኛ

«ማሚ፣ እንግሊዝኛ ስታወሪ ለምንድን ነው ቻይና የምትመስዪው?» ብላ ጠየቀችኝ ልጄ አንድ ቀን፣ አውቶቡስ ላይ፣ ሰው በሞላበት።

ሰው ባዕድ አገር ሲገባ የራሱን ስህተት ይዞ ይገባል፤ ደንብ ነው። እኔ ግን የራሴ አንሶኝ የሌላ አገር ጨመርኩበት። ከአህያ የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደመጣች ታውቃላችሁ፤ ተረቱን በጽሑፍ መጨረሱ ነውር ነው። ሜይን አህያ ማለቴ እንዳልሆነ ግን እግዜር ይወቅልኝ።

ሜይ እዚህ ለንደን፣ ሂትሮው አየር ማረፊያ አብራኝ የምታጸዳ ቻይናዊት ናት። ማታ ማታ ደግሞ ሼፈርድስ ቡሽ አብረን እንግሊዝኛ እንማራለን። የመናገር ፈተናውን ካላለፍን ዜግነት አፕላይ ማድረግ የለም። ሜይ ባሏንም ሴት ልጇንም «ሂ»፣ ማለትም «እሱ» ትላለች፤ ትናንት የሄደችበትን ዛሬም «እሄዳለሁ» ትለዋለች። በአገሯ ግሱ ለትናንትም ለነገም ያው ነው አሉ፤ ታዲያ ምን ታድርግ? ከእሷ ጋር ስውል እኔም ትናንት የሚባለው ነገር ጠፋብኝ።

የባሰው ሰላምታዋ ነው። ጠዋት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገና ስገባ «ዩ ኢት?» ትለኛለች፤ በላሽ ወይ ማለቷ ነው። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበርና መዋሸት አልሆነልኝም፤ አልበላሁም አልኳት። በማግስቱ በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ ይዛልኝ መጣች፤ ያውም የአሳማ። በአፌም በእጄም ጾሙን አስረዳኋት። ገባኝ አለችና በነጋታው በጎመን ሠርታ አመጣችው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቆይቼ፣ ጸልዬ በላሁት። ፋሲካ አልፎም ማምጣቷን አልተወችም። «ዩ ኢት?» የእኔም አፍ ለመደው። በዚህ ሁሉ የለንደን ሕዝብ መካከል መብላቴን የሚጠይቀኝ ሌላ ማን ነበረኝ?

አንድ ማታ «ዩ ኢት?» ስንባባል አስተማሪያችን ሰማን። ቻይኖች እንዲህ የሚሉት ለሰላምታ ያህል ነው፣ በእንግሊዝኛ ግን ስህተት ነውና «ሃው አር ዩ» በሉ አለን። ለካ እኛ ታመንም ቢሆን «እግዚአብሔር ይመስገን» እንደምንለው፣ እኔም በልቻለሁ ብዬ ማለፍ ነበረብኝ። እውነት እውነቱን እየተናገርኩ ሴትዮዋን ስንት ጠዋት ምግብ አሠራኋት።

ፈተናው ደረሰ። በሩን ከፍቼ ስገባ ያጠናሁት ሁሉ በነነና ፈታኙን ሰውዬ «ዩ ኢት?» አልኩት። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሳንድዊች ቀስ ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በኋላ ምን እንዳወራሁ አላስታውስም። ውጤቱን እዚያው ነገሩኝ፤ ወደቅሁ። ሜይ አለፈች። ልጄ ስነግራት መሳቅ ጀመረችና ፊቴን ስታይ ተወችው። «ኢትስ ኦኬ፣ ማሚ» አለችኝ። ያን ማታ እህል የሚባል አልቀመስኩም።

በማግስቱ ጠዋት አንጀቴ ታጥፎ ሥራ ገባሁ። ለሰላምታም ይሁን፣ ዛሬ ብቻ በላሽ ወይ ትበለኝ እያልኩ በልቤ እየጸለይኩ። ሜይ ቀና ብላ፣ አንዲት ፊደል ሳታጎድል «ሃው አር ዩ ቱዴይ?» አለችኝ።

«አይም ቬሪ ዌል፣ ታንክ ዩ» አልኳት። እንከን የማይወጣለት እንግሊዝኛ ነበር፤ ከእውነት በቀር ምንም አልጎደለውም።