ሰበቃ ይዞ መግባት ክልክል ነው

ኦንላይን የሚሰጥ ፈተና ለመፈተን ሁለት ቀን በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔን እዩኝ። በዲፕሎማ አሥራ አራት ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ፣ ዲግሪዬን በክረምት የተማርኩ መምህር ነኝ። ከመውጫ ፈተናው በፊት የልምምድ ፈተና አለ፤ ልምምዱን ያልወሰደ ለዋናው አይቀርብም። ልምምዱ በኮምፒውተር ነው፤ የይለፍ ቃሉ ግን የሚታደለው በአካል ቀርቦ ለፈረመ ብቻ ነው። ከጂንካ ተነስቼ ዲግሪዬን ወደተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ መጣሁ፣ ፈረምኩ፣ ከኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ። መብራት የለም። ትናንት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መብራት ስጠብቅ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ።

የፊዚክስ ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ሰበቃ የለም እንበል» ብሎ ይጀምራል፤ ሰበቃ ማለት እንዳንንሸራተት እግራችንን ከመሬት የሚያስይዘን ፍትጊያ ነው። በሕልሜ ይህ መመሪያ ሆኖ በር ላይ ተለጥፏል፦ ተፈታኝ ሞባይልና ሰበቃ ይዞ መግባት አይችልም። ተፈታኞቹ የዩኒቨርሲቲው ሹማምንት ነበሩ። ጥበቃው ሞባይላቸውን ተቀበለ፤ ከዚያ የጫማቸውን ሶል በእጁ ጠረገና ሰበቃቸውን ፌስታል ውስጥ ከትቶ ቁጥር ሰጣቸው። እኔን ግን «ይለፉ መምህር» አለኝ። ፈታኙ እኔ ነበርኩ።

ውስጥ ኮምፒውተሮቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው እስኪበራ ይጠብቃሉ። የፈተናው አስተባባሪ አቶ ልሳኑ ከነክራቫታቸው እየተንሸራተቱ በአጠገቤ አለፉ። «መምህር፣ የይለፍ ቃሌን…» አሉ፤ ከግድግዳው ተጋጭተው ሲመለሱ ጨረሱት፤ «…ይስጡኝ እባክዎ።»

መታወቂያቸውን አየሁ፤ አልታደሰም። ከቀበሌ ደብዳቤ ይዘው ነገ እንዲመለሱ ነገርኳቸው።

«መመለሱስ አያቅተኝም» አሉ ሲያልፉ፤ «መቆሙ ነው ያቃተኝ።»

አላዘንኩላቸውም። «ልምምዱን ወስዷል፤ ለዋናው ይቅረብ» ብለው ከፈረሙልኝ አስገባቸዋለሁ አልኩ። ወረቀቱን ዘረጋሁ። ባለፉ ቁጥር አንድ ፊደል ይጽፋሉ። መሃል ላይ አዳራሹ አውቶቡስ ሆነ፤ ፍሬን ስለሌለው ጂንካንም አልፎ ሄደ። ተማሪዎቼ በየመስኮቱ እየሮጡ የሹማምንቱን መታወቂያ ያረጋግጣሉ፤ አቶ ልሳኑ በመተላለፊያው እየተመላለሱ ይጽፋሉ። የመጨረሻዋን ፊደል ጨረሱ። ማኅተሙን አነሱ።

«ጋሼ፣ ይነሱ፣ ልንቆልፍ ነው።»

ፈታኟ ትርንጎ ትከሻዬን ይዛለች። ኮምፒውተሩ እንደጠፋ ነው። ፈተናው መቼ እንደሚጀመር ጠየቅኳት።

«ተሰጥቶ አልቋል» አለችኝ። ሰዓቱ የሚቆጥረው መብራት ባለበት፣ ፈተናውን በሚልከው ማዕከል እንደሆነ፣ ለፈተናው የተመደበው ሁለት ሰዓት እንዳለቀ፣ ውጤትም እንደወጣ አስረዳችኝ። ስልኳን አሳየችኝ። ከስሜ ትይዩ «ቀሪ» ይላል። ራሷ እንዳስፈረመችኝ ነገርኳት።

«አውቃለሁ ጋሼ፣ ፊርማዎት ይኸው። ሲስተሙ ግን አላየዎትም።»

የፈረምነው አርባ ሦስት ሰዎች ነን። ዋናው ፈተና ሰኞ ነው፤ አርባ ሦስታችንም ተከልክለናል። አቶ ልሳኑ፣ አሁን ሕልም አይደለም፤ ሁለት እግርዎ መሬት ይዟል። ቢሮ ጠርተው በጆሮዬ እንዳይነግሩኝ። አርባ ሦስት ሰው ፈርሞ የተቀመጠበት አዳራሽ እንዴት ባዶ እንደሆነ፣ ከሰኞ በፊት፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ከነስምዎና ከነፊርማዎ ይመልሱ።