ለባትሪ የተቀዳ ጠበል

ቀረብ በሉ ልጆቼ፣ ማራገቢያው ለሁላችንም ይድረሰን። ካምሲን፣ ያ የሚያቃጥለው የበረሃ ነፋስ፣ ገብቷል፤ በዚህ ወራት እዚህ ሰፈራችን ካርቲየ 3 ውስጥ የሚረጥብ ነገር ቢኖር የሰው ጀርባ ብቻ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፦ ሰው «በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» ቢላችሁ አትመኑት። ዓይኑን የሚያምነው ልቡ አስቀድሞ የወሰነውን ሲያይለት ነው።

አማቼን ተስፋዬን ውሰዱ። ከአዲስ አበባ ዶራሌ ወደብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፣ የልጅ ልጄ የማርታ አባት። በእንዲህ ያለ ሙቀት የባትሪ ውሃ ቶሎ ይጎድላል። ባለንብረቱ ደግሞ «መኪናው ወረፋ ላይ አንዴ ቢቆምብኝ ቁልፉን ለሌላ እሰጣለሁ» ብሎታል። ታዲያ ብልሁ አማቼ ምን አሰበ? ከሱቅ የገዛውን የባትሪ ውሃ ትቶ፣ መንገዱን እንዲጠብቅለት ከአገር ቤት ይዞት የመጣውን ጠበል ሊጨምርበት! ጠበል ለሆድ ቁርጠት ሲባል ሰምቻለሁ፣ ለጋኔንም ሰምቻለሁ። ለባትሪ ግን እንጃ።

ያኔ ሊሴ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ትማር የነበረችው ማርታ ጮኸች።

«አባዬ፣ ተው! የምንጭ ውሃ እኮ ነው፤ ጨው አለበት፣ ባትሪውን ይበላዋል። ና ላሳይህ!»

ሽቦ፣ የባትሪ ድንጋይና ከተሰበረ የእጅ ባትሪ የነቀለቻትን ሚጢጢ አምፖል አገናኘች። የሽቦዎቹን ጫፍ ከሱቅ በተገዛው ውሃ ነከረች፤ ምንም። ጠበሉ ውስጥ ነከረች፤ አምፖሏ ጭል ጭል አለች።

«አየህ? ንጹህ ውሃ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የሚያሳልፈው የሟሟው ጨው ነው።»

ተስፋዬ ግን ቆቡን አውልቆ ቆሟል።

«እማማ፣ ኃይሉን አዩልኝ!» አለኝ እንባ አቅርሮ። «የሱቁማ የሞተ ውሃ ነው!»

«አባዬ፣ የሚያበራው እኮ...»

«ዝም በይ! በዓይኔ አየሁ እኮ!»

ትምህርቱ እንዲህ ገባው። ጎረቤታችን እትዬ አልማዝማ እልልታዋን አቀለጠችው፤ እሱም ጠበሉን እስከ መጨረሻው ጠብታ ባትሪው ውስጥ አንቆረቆረው።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ዶራሌ በር ላይ ተራው ሲደርስ ቁልፉን ቢያዞር፣ መኪናው ትንፍሽ አላለም። ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ጡሩንባውን ነፋበት። በአማርኛ ተሰደበ፣ በሶማሊኛ ተሰደበ፣ ፈረንሳይኛም አልቀረበት።

ባለንብረቱ ቃሉን አከበረ፤ ቁልፉን ለሌላ ሰጠ። እትዬ አልማዝ አገር ቤት ገባች። ማርታ ትምህርቷን ጨርሳ አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ተስፋዬ ሥራ ፈትቶ ከረመና መኪናዎቹ ከሚያድሩበት አጠገብ ባትሪ መጠገኛ ከፈተ። ገበያው ደርቶለታል። ሾፌሮቹ «እንደሱ አድርጎ ባትሪ የገደለ ስለሌለ፣ በሽታውን ያውቀዋል» ይላሉ።