ተነቅንቆ ያልታየ ጉልበት

ነቅናቂ የሌለበት መንደር የለም። ተራራው በእግዚአብሔር ፈቃድ ጸንቶ ቆሟል ብትሉት እንኳ "እስቲ ልንካው" የሚል ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም።

ከሞላሌ ዝቅ ብላ ባለችው መንደር ይህን ሹመት የያዙት ክቡር አያ ወዳጆ ናቸው፤ በሙያቸው አናጢ፣ በፈቃዳቸው የመቃንና የምሰሶ ሁሉ መርማሪ። ሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታው በፊት መቃኑን ይዘው ወዝወዝ ያደርጋሉ። የጠና ከሆነ "ይይዛል" ይላሉ። ካልሆነ ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸው ከስድብ ይብሳል። የሠርግ ዳስ ነቅንቀው ሙሽሮቹ ላይ ቅጠል አርግፈዋል። የቤተ ክርስቲያኑ አዲስ አጥር ሲመረቅም ቄሱ ገና "በስመ አብ" ሲሉ፣ እሳቸው አንዱን እንጨት ነቅለው ይዘው ቆመው ነበር። "ሳይነቀነቅ አይታመንም!"

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ገበያነሽ ይህን ሁሉ በሳቅ ታልፈው ነበር፣ ነገሩ ወደ ጉልበቷ እስኪመጣ ድረስ።

ግራ እግሯ ለዓመታት ወደ ውጭ ሲጎብጥ ኖሮ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዳገት አሸንፏት ነበር። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ አጥንቱን ቆርጦ አቀናላት፤ በብረትና በብሎን አሰረው። እሷም "ለሰኔ ሚካኤል በእግሬ እወጣለሁ" ብላ ተሳለች።

ሊጠይቃት የመጣው ሰው ሁሉ "እግዜር ይማርሽ" እያለ ተቀመጠ። አያ ወዳጆ ግን የእግሯን ራጅ ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ዞሩ።

"ብረቱ በወዲህ በኩል ነው።"

"አዎ፣ አያ ወዳጆ።"

"በወዲያ በኩልስ ማን ያዘው? የማረሻ ድግር እንኳ ግራና ቀኝ ሁለት ነው! ባንድ ድግር ማን አረሰ?"

ይህን ብለው እጃቸውን ወደ እግሯ ሲሰዱ በክራንቿ መታቻቸው።

ቃላቸው ግን ሥራውን ሠርቶ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ሐኪሙ አዲስ ራጅ አይቶ "አጥንቱ እየያዘ ነው፣ ቀስ በቀስ እርገጪበት" ቢላትም፣ እሺ ብላ ተመልሳ አንድ ቀን እንኳ አልረገጠችም። ልትነሳ ስትል ብረቱ የሚነቀል ይመስላታል። ጭኗ መስለል ጀመረ፣ ሰኔም ቀረበ።

ልጇ የምሥራች አንድ ቀን አያ ወዳጆን መንገድ ላይ አቆመቻቸው። "እናቴን አልጋ ላይ የቸነከሯት እርስዎ ነዎት።"

አያ ወዳጆ በማግስቱ ራጁን ይዘው አውቶቡስ ተሳፈሩ፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሰው ገበያነሽ ፊት ቆሙ።

"ሐኪሙን ጠየቅሁት። አጥንቱን ፈጽሞ አልቆረጠውም። በወዲያ በኩል ጥቂት ትቷል፣ እሱ እንደ ማጠፊያ ይይዛል። የተከፈተውን ጎን ደግሞ ብረቱ ደግፎታል፤ ብሎኖቹም ከብረቱ ጋር ተቆላልፈዋል። 'አንተስ አናጢ ነህ' አልኩት።" ትንሽ አሰቡና "ጠረጴዛው ግን ይወዛወዛል" አሉ።

በወሬ ብቻ አላመነችም፤ የእሳቸው ጎረቤት አይደለች! ስለዚህ እርጥብ የወይራ ጉማጅ አመጡ። ባንድ ጎኑ በመጋዝ ገብተው ዳሩ ሲቀር አቆሙ፣ ስንጥቁን በሽብልቅ ከፈቱ፣ በከፈቱት ጎን ብረት በብሎን አሰሩ። የበርጩማዋን አንድ እግር አውልቀው ይህን ተከሉና እፊቷ ተቀመጡበት። ሳምንቱን ሙሉ እየመጡ ተቀመጡበት። እሁድ ዕለት፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ቆመው ዘለሉበት።

"ይይዛል" አሉ እያለከለኩ።

ሰኞ ጧት ገበያነሽ ግራ እግሯን መሬት አስነካች። ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨመረችበት።

የሰኔ ሚካኤል ለት ባንድ ክራንች ዳገቱ ሥር ደረሰች። ከላይ ከበሮው ይሰማል። አያ ወዳጆ ከማንም ቀድመው እዚያ ቆመዋል፤ በየመታጠፊያው አዲስ የእጅ መደገፊያ ተተክሏል። ይህን ነቅናቂ ሽማግሌ ምን ያህል እንደምትወዳቸው ገበያነሽ ያን ጊዜ ታወቃት፣ ዓይኗም እንባ ሞላ።

"መደገፊያውን ሁሉ ነቅንቄዋለሁ" አሉ። "እስከዚያ ድረስ ትከሻዬን ያዥ።"

እጇን ትከሻቸው ላይ አኖረች። አልተደገፈችም ግን፤ ጋቢያቸው እስኪንሸራተት ድረስ ሁለት ጊዜ ወዘወዘቻቸው።

"ምን ማድረግሽ ነው?"

"ይይዛል" አለች፤ ከዚያም ክብደቷን ጥላባቸው ዳገቱን ጀመረች።