ኖር ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

በየሠፈሩ አንድ የትውልድ መርማሪ አይጠፋም። ማንም አልሾመውም፣ ደመወዝም የለውም፣ ግን አንድ ቀን ሳያርፍ ይሠራል። ሥራው ወጣት ማየት፣ ካየ በኋላ ራሱን መነቅነቅ፣ ከነቀነቀ በኋላ «የዛሬ ልጅ!» ማለት ነው። በ1971 ዓ.ም. ፒያሳ ከነዚህ ብዙ ነበሯት፤ ሁሉም ግን በግምት ነበር የሚናገሩት። በመሣሪያ የሚለኩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የኬክ ሻጯ የአክበረት አባት፣ ሊቀ ትውልድ አቶ ተክላይ።

አቶ ተክላይ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ከወርቅ ቤቶቹ መደዳ አንድ ሰው ገብቶ ሁለተኛው ደጅ የሚቆምባት ሱቅ አለቻቸው። ከዓመታት በፊት አንድ ጣልያን አሠልጣኝ የሩጫ መለኪያ ሰዓቱን እንዲሠሩለት ሰጥቷቸው፣ ሳይወስደው አገሩ ገባ። ሰዓቱ መሳቢያ ውስጥ ያለ ሥራ ከርሞ በመጨረሻ አቶ ተክላይ ሥራ አገኙለት። የዛሬ ልጅ ለሽማግሌ ተነሥቶ «ኖር!» እስኪል ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? ይህን ማወቅ ፈለጉ።

ጥናቱ የሚካሄደው አክበረት በምትሠራበት ኬክ ቤት ነው። እሷ ከባንኮኒው ጀርባ ኬክ ስታነሣ፣ ልክ አሥር ሰዓት ላይ አባቷ በጥቁር ካፖርታቸው ከች ይላሉ። ወጣቶች የተቀመጡበትን ጠረጴዛ ይመርጡና አጠገቡ ይቆማሉ። አይናገሩም። ኪሳቸው ውስጥ ሰዓቷ «ቀጭ!» ትላለች። አውጥተው ያዩዋታል፤ ልጆቹን ያያሉ፤ መልሰው ሰዓቷን ያያሉ። አንዱ ተነሥቶ «ኖር!» ሲላቸው «በእግዚአብሔር!» ብለው እንደገና ቀጭ ያደርጓታል። ከዚያ ሳይቀመጡ ወደ ባንኮኒው ይመጡና ትንሽ ደብተር አውጥተው ይጽፋሉ።

«ጓለይ፣» ይሏታል በትግርኛቸው፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ያ ባለ ጎፈሬ ሰባ ሁለት ሰከንድ! ሱሪው ከታች ሁለት ሰው ያስገባል፤ አንድ እሱን ግን ማንሣት አቃተው።»

አቶ ተክላይ ሕግ ነበራቸው። ጠጉር በረዘመ ቁጥር አክብሮት ያጥራል፤ ሱሪ ከታች በሰፋ ቁጥር ዓይን ይጠባል። ያስቸገሯቸው ሕጉን ያላነበቡት ልጆች ናቸው። አንድ ቀን በር አላስገባ የሚል አፍሮ ያለው ጎረምሳ በሦስት ሰከንድ ብድግ ብሎ፣ እጅ ነሥቶ፣ ወንበሩን ለቀቀላቸው። «ይሄ አይቆጠርም፤ አያቱ ናቸው ያሳደጉት» አሉ። ልጁን ከዚያ በፊት አይተውት አያውቁም። በማግስቱ ጠጉሩን የተላጨ፣ ጠባብ ሱሪ የለበሰ ተማሪ ጨርሶ ሳይነሣ ቀረ። «እሱ የተላጨው ከላይ ነው፤ ከውስጥ ገና ነው» ብለው አለፉት።

አክበረት ግን ነገሩ ይከነክናት ነበር። ልጆቹን ታውቃቸዋለች። ከመካከላቸው አንዱን በዓይኗ በብረቱ የማያውቃቸውን ባልቴት ዘንቢል ከአትክልት ተራ ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ አይታዋለች፤ ያው ልጅ አባቷ ሲመጡ ወንበሩ ላይ ደርቆ ይቀራል። የሚነሡትስ ቢሆኑ ተነሥተው ለምን በዚያው ይወጣሉ? በዚያ ዘመን ስኳር በወረፋ እየተገኘ ማን ነው ግማሽ ኬክ ትቶ የሚሄድ? አባቷን ጠይቃቸው ነበር።

«የዛሬ ልጅ የጀመረውን አይጨርስም» አሏት።

«አቦይ፣ ከአምስት ዓመት በፊት ስለ ታላላቆቻቸው ምን ይሉ ነበር? መቀመጥ አያውቁም፣ ዝም ማለት አያውቁም ይሉ አልነበር?»

«ልክ ነው።»

«አሁን ደግሞ አይነሡም፣ አይናገሩም ይላሉ።»

አቶ ተክላይ አሰቡና «ሰዓቱን ያኔ ብጀምረው ጥሩ ነበር» አሉ።

እስከዚህ ድረስ የሚያስቅ ነገር ነበር። ሳቁ የቆመው ፈቀደ እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ሲነሣ ነው። ፈቀደ ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የሕንፃ ንድፍ ይሥላል፤ ከአክበረት ጋር በአንድ ማኪያቶ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ከጀመሩ ዓመት አልፏቸዋል። አቶ ተክላይ ወሬውን ከሚስታቸው ሲሰሙ የልጁን ዘርም ደመወዝም አልጠየቁም።

«ጠጉሩስ?» አሉ።

«አፍሮ ነው» አለች አክበረት።

«ሱሪውስ?»

አክበረት የቡና ሲኒዎቹን መሰብሰብ ጀመረች።

«እንግዲያው ወንበሩ ይናገር። በሠላሳ ሰከንድ ከተነሣ ሽማግሌዎቹን እቀበላለሁ። ካለፈ ጠላቸውን ጠጥተው ይመለሳሉ። እንዳትነግሪው፤ ማይልኝ!»

ማለች። አባቷ ቁጥር ከተናገሩ እንደማያጥፉ ታውቃለች፤ ፈቀደን ደግሞ ትወደዋለች።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ፈቀደ፣ አክበረት ለአባቷ አስቀድማ ባመለከተቻቸው ጠረጴዛ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ካፖርቱ ገባ። ሰዓቷ ቀጭ አለች። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ፈቀደ ዓይኑን ከማኪያቶው ላይ አላነሣም። አክበረት ሳለች። ደግማ ሳለች። በመጨረሻ ትሪ ጣለች፤ ቤቱ በሙሉ ዞሮ ሲያያት እሱ ብቻ አልዞረም። አቶ ተክላይ ጉልበታቸውን እያማቸው ጠበቁ። በመጨረሻ ወደ ባንኮኒው መጡ።

«ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አንድ» አሉ በቀስታ። «እኔ እስክተወው ድረስ አልተነሣም። ጓለይ፣ ደስ እንዲለኝ ፈልጌ ነበር።» ጽፈው ወጡ።

በሩ እንደ ተዘጋ ፈቀደ ግንባሩን ላብ አጥምቆት ወደ እሷ መጣ።

«ሄደ?»

«ማን?»

«ጓድ ሰከንድ ነዋ!»

«ጓድ... ምን?»

«እዚህ እየሠራሽ አታውቂውም? ጆሮ ጠቢ ነው። አጠገብሽ ቆሞ ስንት ደቂቃ እንዳወራሽ በሰዓት ይይዛል፤ ከዚያ ይመዘግባል። ጎበዙ ኖር ብሎ፣ ወንበሩን ለቆለት ውልቅ ነው። ያልቻለ ዓይኑን ሰብሮ ይቀመጣል።»

«አንተስ ለምን አልወጣህም?»

«ደብተሩን ይዞ የሚመጣው ወደ አንቺ ነው። እኔ ወጥቼ አንቺን ቢጠይቅሽስ?»

አክበረት መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ እንባዋ መጣ። «ፈቀደ፣» አለችው፣ «አባቴ ናቸው።»

ፈቀደ ዞሮ የተዘጋውን በር አየ።

ቤት እንደ ገባች ሁሉንም ለአባቷ ነገረቻቸው። አቶ ተክላይ ቅጽል ስማቸውን ሁለት ጊዜ አስደገሟት። ከዚያ ደብተራቸውን አወጡና መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ።

«ይሄ ባለ ሦስት ሰከንዱ...»

«ሸሽቶ ነው፣ አቦይ።»

«ኬኩን ትቶ።»

«ትቶ።»

ገጹን ገለጡ። «እኔ ራሴ እኮ የቀበሌውን ሊቀ መንበር እፈራለሁ። ባለፈው ሰላም ሲለኝ ስሜ ጠፋብኝ።» ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆመ። «ይሄ ባለ ጎፈሬ... ሰባ ሁለት ሰከንድ ሙሉ ፈርቶ ተቀምጧል።» ቀጥሎ የመጨረሻውን መስመር አዩ፤ የፈቀደን። አላነበቡትም። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጠረጉት። አክበረትን አባቷ እንደዚያ ቀን አሳዝነዋት አያውቁም።

ቅዳሜ ያለ ካፖርት መጡ። ሰዓቱንና ደብተሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና «ያዢልኝ፤ ሰው ያስደነግጣል» አሏት። ከዚያ ማንም ሳይመጣ ፈቀደ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ሄደው ተቀመጡ።

አሥር ሰዓት ላይ ፈቀደ በሩን ከፈተ። አፍሮው የለም፤ ለእሑዱ ብሎ ተላጭቶ ጆሮዎቹ ብቻቸውን ቀርተዋል። ጠረጴዛው ላይ ማን እንዳለ ሳያይ ሁለት እርምጃ ገባ።

«ኖር!» አሉ አቶ ተክላይ፣ ብድግ ብለው፣ ቤቱ እስኪሰማ።

ማኪያቶ የያዘ ሁሉ ዞረ። ሽማግሌ ለጎረምሳ ሲነሣ ያየ አልነበረም። ፈቀደ መሀል ወለል ላይ ቀረ። አቶ ተክላይ እንደ ቆሙ ጠበቁት።

«ኧረ... ኧረ በማርያም ይቀመጡ!» አለ በመጨረሻ።

«የዛሬ ልጅ!» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ኖር ሲባል በእግዚአብሔር ነው የሚባለው። ና ተቀመጥ። እሑድ ለምትልካቸው ሰዎች ወንበር ተዘጋጅቷል በላቸው።» ከዚያ ራሱን ትኩር ብለው አዩት። «ደግሞ ማን ነው ጠጉርህን ተላጭ ያለህ? ያምርብህ ነበር።»

አክበረት እጇን ስታይ ሰዓቷን ጨብጣታለች። በሩ ሲከፈት አንድ ጊዜ፣ አባቷ ሲነሡ ሌላ ጊዜ፣ ሳታስበው ቀጭ አድርጋት ኖሯል፤ የሰዓት ሠሪ ልጅ አይደለች? አንድ ሰከንድ ተኩል ይላል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው የስልሳ ሦስት ዓመት ሰው።

ደብተሩን ገለጠችና ከሁሉም መስመር በታች የአባቷን ስም ጻፈች። ካሉት ሁሉ የሚቀድማቸው የለም።