ነጭ ቀሚስ በሁለገቡ ስታዲየም

«ሁለገብ» የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር እጄ ሳላዘው ወደ ቀሚሴ ይሄዳል። ጨርቁን በጭብጤ ሰብስቤ በጉልበቶቼ መካከል እሸጉጠዋለሁ። ሰው ካየኝ የበረደኝ አስመስላለሁ፤ ብዙ ዘመን የኖርኩበት አገር ብርድ ስለማይጠፋው ማንም አይጠረጥረኝም። እናንተ ግን ሳትጠረጥሩኝ አልቀራችሁምና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

በደርግ ዘመን ስም ብቻውን ከቤት አይወጣም ነበር፤ አጃቢ ቅጽል ይመደብለታል። ስብሰባው ታላቅ፣ ሰልፉ ደማቅ፣ ውሳኔው ታሪካዊ ካልሆነ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ከአጃቢዎቹ ሁሉ እረፍት ያልነበረው ግን «ሁለገብ» ነው። ሱቁ ሁለገብ፣ አዳራሹ ሁለገብ፣ ማኅበሩ ሁለገብ። በሰፈራችን ሁለገብ ሱቅ ስኳር ብትጠይቁ የለም፣ ሳሙና ብትጠይቁ የለም፣ ክብሪት ብትጠይቁ የለም፤ ስሙ ግን በትልቁ ተጽፎ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ብዙ መጻሕፍት አገላብጫለሁ፤ ይህን ያህል ባዶ መደርደሪያ የሸፈነ ቃል ሌላ ቦታ አላጋጠመኝም።

ስለዚህ ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ከአሰብ «ሁለገብ ስታዲየም አለን፤ ሳታዪው እንዳትሞቺ» ብሎ ሲጽፍልኝ ከት ብዬ ሳቅሁ። በወሩ አውሮፕላን ላይ ነበርኩ።

ለስታዲየሙ ብዬ አልነበረም። ደረጀ አሰብ ውስጥ የከባድ መኪና መካኒክ ነበር። ሚስቱ አዲስ አበባ ወለደች፤ ልጂቱ ስምንት ወር ሞላት፤ አባቷ ግን አላያትም። ሕፃን ይዞ ወደዚያ ሙቀት መውረድ የሚታሰብ አልነበረም፣ ፈቃድ በጠየቀ ቁጥር ደግሞ «ከዘመቻው በኋላ» ይሉታል፤ ያ ዘመቻ ሳያልቅ ሌላው ይታወጃል። እኔ የልጂቱን ፎቶግራፍ ይዤለት ሄድኩ። ወንድሜ ግን ሌላ ተስፋ ነበረው። የጋራዡ ቡድን በረኛ ነው። በዚያ እሑድ ጋራዥ ወደብን ካሸነፈ፣ ቡድኑ ማክሰኞ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ገብቶ ለሠራተኞች ውድድር ይሰለፋል። ፈቃድ ያልሰጠውን አገር በጓንት ሊያስፈቅደው ነበር።

የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት የአሰብ ሙቀት እንደ ተቀባይ ባለሥልጣን ደረጃው ላይ ወጥቶ ጠበቀኝ። ሲጨብጠኝም ቶሎ አለቀቀኝም። ያም ሆኖ ደስ አለኝ! የባሕሩ ጨው፣ የነዳጁ ሽታ፣ ከየክፍለ አገሩ የመጣው ሾፌር በየአነጋገሩ ሲሳደብ፣ ሰላምታው በዐረብኛ ጀምሮ በአማርኛ ሲያልቅ፤ ወጣት ነበርኩ፣ ሁሉም ነገር ለኔ የተዘጋጀ መሰለኝ።

እሑድ ጠዋት ደረጀ ልምምድ ስለነበረበት ስታዲየሙን እንዲያስጎበኙኝ ለዘበኛው ለአባባ ሁመድ አስረከበኝ። በአቅራቢያው ያለችው የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ የበይሉል ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽርጥ ያገለደሙ።

«የደረጀ እህት አንቺ ነሽ? አፍንጫውን አይቼ አወቅሁሽ» አሉኝ። ወዲያው ከበሩ በላይ ወደተሰቀለው ላሜራ ጠቆሙ። «ከመግባትሽ በፊት ይህን አንብቢልኝ። ሲጽፉት መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ስታዲየም የሚለውን አውቃለሁ። የፊተኛዋ ምንድን ናት?»

«ሁለገብ።»

«እሱንማ ነግረውኛል። ምን ማለት ነው?»

ለካ አስቤበት አላውቅም። «ለሁሉም ነገር የሚሆን ማለት ነው፣ አባባ።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም።»

«እንግዲያው አልዋሹም» ብለው አስገቡኝ።

እውነትም አልዋሹም ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «ሁለገብ» ተብሎ በእርግጥ ሁለገብ የሆነ ነገር አየሁ። በአንድ ወገን ጥላ ያለው የክብር መቀመጫ፣ በሦስቱ ወገን የድንጋይ እርከን፣ መሐሉ ነጭ አሸዋ። ሰልፉም እዚያው ነው፤ ሚሊሺያው እዚያው ይሠለጥናል፤ ቀበሌው እዚያው ይሰበስባል። ዒድ ሲሆን ሜዳው ሙሉ ይሰገድበታል። እህል የጫኑ መርከቦች የተደራረቡ ጊዜ ጆንያ እስከ ጣሪያ ተከምሮበት እንደነበር አባባ ሁመድ በእጃቸው ከፍታውን አሳዩኝ። የጎሉ መረብ የዓሣ መረብ ነው፤ ከበይሉል ራሳቸው ናቸው ያመጡት።

«ዓሣ አምልጦት አያውቅም። ኳስ ግን እንደ ወንድምሽ ነው» አሉኝ።

እኔን ያስገረመኝ ግን መስመሩ ነው። ጥቁር ነበር! በሌላው ዓለም የሜዳ መስመር በኖራ ይሰመራል። አሰብ ላይ ግን ነጭ በነጭ አይታይም፣ የታየውንም ነፋሱ ይወስደዋል። መላውን ያመጣው የኔው ወንድም ነው። ከጋራዡ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በጣሳ እያመጣ አሸዋው ላይ አፈሰሰበት። መስመሩም ቆመ። ከዚያማ ማንም ያላሰበው ነገር ተገኘ፤ መስመር የነካች ኳስ ጥቁር ቀለበት ይዛ ትመለሳለች። ወጥታለች አልወጣችም፣ ገብታለች አልገባችም የሚል ጠብ አበቃ። ዳኛው ኳሷን ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ ይፈርዳል። የእግር ኳስ ሕግ ኳስ ሙሉ በሙሉ መስመር ካላለፈች ጎል አይደለም ይላል፤ የአሰብ ሕግ ግን «ዘይት ከቀመሰች ገብታለች» ነው። ዛሬ በየስታዲየሙ ለዚሁ ሥራ ማሽን ተክለው ሲደነቁ አያቸዋለሁ። ይደነቁ።

ችግሩ ስታዲየሙ ሁለገብ መሆኑ ነው። ያን ዕለት «የስፖርት ፌስቲቫል» ስለሆነ የሁሉም ጨዋታ መስመር በአንድ ጊዜ ተሰምሮ ነበር፤ የእግር ኳሱ፣ የመረብ ኳሱ፣ የቅርጫት ኳሱ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ሲሻገር ሜዳው የሰካራም ደብዳቤ ይመስላል። ከጎሉ ፊት ሁለት እርምጃ ላይ የመረብ ኳሱ መስመር ያልፋል።

«እንዴት ይለያል?» አልኳቸው።

አባባ ሁመድ ተንበርክከው ጣታቸውን በጎሉ መስመር ላይ አጋደሙ። «እግር ኳስ አራት ጣት ነው።» ወደፊት ሄዱና ሁለቱን አጥፈው ደገሙ። «መረብ ኳስ ሁለት ጣት። ከኔ በቀር የሚያውቀው የለም፤ ዳኛውም እኔን ነው የሚጠይቀው።»

ስንወጣ ደረጀ እስኪጫወት ድረስ እንድይዝለት የመለሰልኝን የልጂቱን ፎቶግራፍ አሳየኋቸው። ለምን እንዳሳየኋቸው እንጃ፤ ለሰው ሁሉ አሳይ ነበር። ብርሃን ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ስንት ወሯ ነው?»

«ስምንት።»

«ዳዴ ጀምራለች ማለት ነው። እኔ በይሉል ያሉትን ልጆቼን አንድ ሳምንት ካላየኋቸው ስማቸው ይቀላቀልብኛል።» ፎቶግራፉን መለሱልኝ። «ለዚህ ነዋ ወንድምሽ ዛሬ ጎህ ሳይቀድ የመስመሩን ዘይት ይዞልኝ የመጣው።» ከዚያ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ደግሞ ነጭ ለበስሽ?» አሉኝ።

ለጉዞው ያሰፋሁት አዲስ ቀሚስ ነበር። ክብር መስሎኝ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ስታዲየሙ ሞልቶ ፈሰሰ። ቦታ ያጡት ሾፌሮች ከባድ መኪኖቻቸውን ከአጥሩ ውጭ ደርድረው ከነረዳቶቻቸው ጭነቱ ላይ ወጡ፤ ሁለተኛ ፎቅ ሆነ። ከበላይ የመጡ አንድ ጓድ ንግግር አደረጉ። «ሁለገብ» የምትለዋን አሥራ አንድ ጊዜ አነሷት፤ ቆጥሬያለሁ። ሾፌሮቹ በጥሩምባ አጨበጨቡላቸው፣ በጥሩምባም አስቆሟቸው።

እኔ ከወንድሜ ጎል ጀርባ፣ ከቋሚው አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። ስለ እግር ኳስ የማውቀው ኳሷ ክብ መሆኗን ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ግን ቆሜ እጮህ ነበር!

«ጋራዥ! ዛሬ ሞተራችሁን እናወርደዋለን!» ይላል የወደቡ ወገን።

«ጭናችሁ ተመለሱ!» ይመልሳል የጋራዡ።

አንድ ሾፌር ከጭነቱ ላይ ወንድሜን ይጠራል። «ደረጀ! ኳስ ናት እንጂ ጎማ አይደለችም፤ እንዳትፈታት!»

ከዕረፍት በኋላ አንድ አጭር በያጅ በጭንቅላቱ አገባልን። ጥሩምባው ሰማዩን ሞላው፤ አጠገቤ የነበረችውን የማላውቃትን ሴት አቅፌ ሳምኳት። አንድ ለዜሮ። ነገር ግን ወደቦች በነጥብ ስለሚበልጡን እኩል መውጣት ይበቃቸዋል። አንዲት ጎል ብቻ፤ ከዚያ አውሮፕላኑ የእነሱ ነው። ሰዓቱ አልሄድ አለ። እኔ ፎቶግራፉን በቦርሳዬ ውስጥ ጨብጬ ተቀምጫለሁ።

ሊያልቅ ሲል ከባሕሩ ነፋስ ተነሳና አሸዋውን አቦነነው። በአቧራው ውስጥ የወደቡ አጥቂ፣ አንድ ቀጭን የክሬን ሠራተኛ፣ መሬት ለመሬት መታት። ደረጀ ወደቀባት። ከሆዱ ሥር አመለጠች፣ ዘወር ብሎ በእጁ ጎተታት፣ ወደ ውጭ ወረወራት። ኳሷ በአየር ላይ ቋሚውን አልፋ መጥታ ጭኔ ላይ አረፈች።

እኔ ምን አደረግሁ? ያደግሁት ቆሻሻ ዕቃ ለሰው አይመለስም በሚባልበት ቤት ነው። ኳሷን በቀሚሴ ጫፍ ጥሩ አድርጌ ጠረግሁና ሊቀበለኝ ለመጣው ዳኛ በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ አቀበልኩት።

ዳኛው መምህር ነበር። አገላበጣት። ንጹሕ!

«አጠበችው!» ብሎ ጮኸ የክሬኑ ሠራተኛ። «ጓድ ዳኛ፣ ማስረጃውን አጠበችው! የበረኛው እህት ናት!»

ያኔ ወደ ታች አየሁ። ኳሷ ስታርፍ ነጩ ቀሚሴ ላይ ጥቁር ማኅተም መትታበታለች፤ ጥርት ያለ፣ ለቢሮ የሚሆን። እጄ ሳላዘው ቀሚሴን ሰበሰበ። ወንድሜን አየሁት። መሬት ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ እኔን ሳይሆን ቦርሳዬን ያያል።

«እህቴ፣ ቀሚስሽን ልቀቂው» አለኝ ዳኛው በጨዋነት።

ያን ጊዜ በየስብሰባው ሰው እየተነሳ ሌላውን ሲያጋልጥ አይቻለሁ፤ እኔም አንድ ቀን ተራዬ ይደርሳል ብዬ ፈርቼ ነበር። በቀሚስ ይሆናል ብዬ ግን አልጠበቅሁም። ለቀቅሁት። ከሁለተኛው ፎቅ ሾፌሮቹ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ዘይት ነው» አለ ዳኛው። «ግን የየትኛው መስመር? አባባ ሁመድ ይጠሩ!»

አባባ ሁመድ ሽርጣቸውን ሰብስበው መጡ። ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ፊቴ ተንበረከኩ። ጣታቸውን ከጥቁሩ በላይ፣ ጨርቁን ሳይነኩ አጋደሙ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አራቱም ልክ ሆኑ። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቀና ብለው አዩኝ። ዞር ብለው ወንድሜን አዩት። ከዚያ ሁለቱን ጣቶች ቀስ አድርገው አጠፉና የቀሩትን ከፍ አድርገው ለሕዝቡ አሳዩ።

«መረብ ኳስ ነው!»

ጥሩምባው ዛሬም ይሰማኛል። እኔ አልዋሸሁም፤ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ብዙ ሰው ስለዚያ ዘመን ሲጠየቅ የሚመልሰው እንዲሁ ነው።

ማክሰኞ ደረጀን አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘሁት። ሸኘሁት የምለው መቀመጫዬን ለቡድኑ ስለወሰዱት ነው፤ እኔ ሦስት ሳምንት አሰብ ቀረሁ። ደረጃውን ሊወጣ ሲል ጆሮው ሥር ጠየቅሁት።

«ወንድም ጋሼ፣ ገብታ ነበር?»

«እኔ እንጃ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አለኝ። ልጂቱ መጀመሪያ ስታየው አለቀሰች፤ በአምስተኛው ቀን ጢሙን ይዛ አልለቅ አለች። ቡድኑ አዲስ አበባ በመጀመሪያው ጨዋታ አምስት ገብቶበት ወደቀ።

የክሬኑ ሠራተኛ አዲስ አበባ ማን እንደነበረው አልጠየቅሁም። በዚያ ሦስት ሳምንት ወደብ ዳር ሁለት ጊዜ አገኘሁት፤ መንገድ ቀየርኩ። በእሱ ነገር እስከዛሬ ቀሚሴን እንደሰበሰብኩ ነኝ።

አባባ ሁመድን ግን ሄጄ ጠየቅኋቸው። ከበሩ ሥር ጥላ ላይ ተቀምጠው መረብ ይጠግኑ ነበር።

«አባባ፣ አራት ነበር።»

«አራት ነበር» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

«ታዲያ?»

በመረቡ መርፌ ላሜራውን ጠቆሙልኝ። «ለሁሉም ነገር ይሆናል ብለሽ ያነበብሽልኝ አንቺ አይደለሽም?»

በሚቀጥለው እሑድ ከጎሉ ጀርባ ቦታዬን ያዝኩ። ጥቁር ለብሼ።